የጆርጂያው ገበሬ ሁለተኛ ሚስት

ሴትዮዋ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ቶራንስ የሚባል ከተማ ነው። ታክሲ በምነዳበት ዘመን ደንበኛዬ ነበሩ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ሆነ የእህታቸውን መቃብር ሊያዩ ሲፈልጉ ወደ ድርጅቱ ሳይሆን በቀጥታ ለኔ ይደውላሉ። ታክሲውን ከመለስኩ በኋላም መደወላቸውን አልተዉም፣ እኔም መሄዴን አልተውኩም። ነጭ አሜሪካዊት ናቸው፤ በዕድሜ ከኔ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣሉ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ ትንሹም ትልቁም ዩ ነው። እዚህ በአማርኛ ስጽፍ ግን አንቺ ልላቸው እጄ እምቢ አለኝ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአያታቸውን እናት ስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ የሚያክል ወረቀት አላቸው። ከታች የራሳቸው ስም አለ፣ ከሱ በላይ ለአባትና ለእናት ሁለት ሳጥን፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይሰፋል። የጀመሩት ሟቿ ታላቅ እህታቸው ናቸው። ከስምንቱ ሳጥኖች ሰባቱ ሞልተዋል። ባዶው ሳጥን አጠገብ ያለው የአያታቸው አባት ነው፤ ጆርጂያ ውስጥ ገበሬ የነበረ፣ በአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡብ የተዋጋ ወታደር። የዚህ ሰውዬ ሚስት መቃብር ተገኝቷል፣ ድንጋዩ ላይ የሞተችበት ዓመት ተቀርጿል። ችግሩ የሴትዮዋ አያት የተወለዱት ይህቺ ሚስት ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሶ፣ ሌላ ሚስት መኖር አለባት። በቤተሰቡም ሁለተኛ ሚስት ነበረችው እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ስሟን ግን የሚያውቅ የለም። የጋብቻ ወረቀትም አልተገኘም።

ልጃቸው የቶራንሱን ቤት ሸጦ በበጋው መጨረሻ እሱ ወዳለበት ዴንቨር ሊወስዳቸው ነው። እዚያ ሲደርሱ ወረቀቱን ለልጅ ልጆቻቸው ያስረክባሉ። «ባዶ ሳጥን ይዤ አልሄድም» ይሉኛል፣ መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር።

እኔ ለምን አብሬ እንደገባሁ ልናገር። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ሰው ተቀበልኩ፣ አርባውንም አወጣሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ግን ሐዘን ልለው አልችልም። ብዙ ተቀምጠህ ስትነሳ እግርህ እንደሚደነዝዘው ነው፤ መሬት መርገጥህን በዓይንህ ታያለህ እንጂ አይሰማህም። እበላለሁ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ልጆቼ ይደውላሉ፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም። የት ልሂድ የሚል ሐሳብ ስለሌለኝ የጠራኝ ሰው ጋ እሄዳለሁ። የጠሩኝ እሳቸው ነበሩ።

መጀመሪያ ላይብረሪው ደጃፍ አድርሻቸው መኪና ውስጥ እጠብቅ ነበር። ኋላ የዓይናቸው መሃል ጠፋ። ዳር ዳሩ ያያል፣ መሃሉ ጭስ ነው አሉኝ። ሲያነጋግሩኝ ጆሮዬን ነው የሚያዩት። ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታቸው «ግባና አንብብልኝ» አሉ።

«እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ነኝ» አልኳቸው።

«ፊደል ታውቃለህ?»

«ፊደል አውቃለሁ።»

«በቃ፣ ፊደሉን ንገረኝ። ቃሉን እኔ እሠራዋለሁ።»

እንዲህ ሆንን። በየማክሰኞው ያለ ክፍያ፣ ያለ ታክሲ ሜትር፣ ሁለት ሽማግሌ አንድ ኮምፒውተር ፊት እንቀመጣለን። የድሮ ሰው የእጅ ጽሑፍ ተያይዞ የተጻፈ ስለሆነ አንዳንዱን ፊደል አላውቀውም። «ይሄ እንደ መንጠቆ ወደ ታች ወርዶ የታጠፈ ነው» እላለሁ፣ «ጄ ነው» ይላሉ። «ይሄ ደግሞ ሆዱ የተነፋ፣ ራሱ ላይ ነጠብጣብ የሌለው።» «ኢ ይሁን ኦ?» «እኔ እንጃ።» «ቀጥል እሺ፣ ቀጣዩ ይነግረናል።» አንድ መስመር አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል። የተማረ ሰው ሲያነብ ይዘላል፤ የሚጠቅመውን ያውቃላ። እኔ የቱ እንደሚዘለል ስለማላውቅ ሁሉንም አነባለሁ።

የሰውዬውን የጦር ሠራዊት ዝርዝር ያነበብኩት በዚህ ዓይነት ነው። በየሁለት ወሩ ስሙ ይጠራል፦ አለ፣ አለ፣ ታሞ ቀርቷል፣ አለ። አንድ ቦታ ዳሌው ላይ መመታቱ ተጽፏል፤ ከዚያ ቀርቷል፣ ቀርቷል፣ ወደ ቤቱ ተሰናብቷል። እኔም በወጣትነቴ ኦጋዴን ዘምቻለሁ። የኔን አለ እና ቀርቷል ማን ጽፎ የት እንዳስቀመጠው አላውቅም። የእርሻውንም ዝርዝር አነበብኩ፦ ሁለት በቅሎ፣ አንድ ላም፣ አሳማ፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች። ትንሽ ገበሬ ነው። እንዲህ ያለ ገበሬ ብዙ አውቃለሁ።

ከላይብረሪ ስመለስ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ቁጭ እላለሁ። እዚያ የማላጣው የወሎ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ነው፤ እሱም እንደኔ ኤርፖርት ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ከሚኖርበት ከኢንግልዉድ እየነዳ እዚህ ድረስ መጥቶ ሻይ የሚጠጣ።

«መጣህ የሙታን ሹፌር?» አለኝ አንድ ማክሰኞ። «ዛሬስ ስንቱን ጫንክ?»

«የሚጫን አልተገኘም።»

«ለፈረንጅ ዘር ትቆጥራለህ። የራስህ ልጆች አያታቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።»

«አይጠይቁኝማ።»

«እስኪጠይቁህ ልትጠብቅ ነው? እኔ የኔን ልጅ ፍሪዌይ ላይ መኪና ውስጥ አስሬ ነው የማስቆጥረው። መውጫ የለው፣ የት ይሄዳል?» ሻዩን ፉት አለ። «ሶ፣ ሰውዬህ ባሪያ ነበረው?»

«ገበሬ ነው አልኩህ። ሁለት በቅሎ ነው ያለው።»

«ሁለት በቅሎ ያለው ሰው ባሪያ የለውም ያለህ ማነው? ጠይቃቸው እስቲ።»

«ጋሼ፣ ሾርባው እኮ ቀዘቀዘብህ» አለችኝ የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘርግታ። እንደ ልጅ አንተ ነው የምትለኝ፣ አልከፋም።

ሴትዮዋን ግን አልጠየቅኳቸውም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል።

ሐምሌ ላይ የምናነበው አለቀ። የጋብቻ መዝገብ በሦስት አውራጃ ፈለግን፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብም አየን፣ የለችም። አንድ ማክሰኞ ላይብረሪው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው «ሕዝብ ሲቆጠር የሰውዬው ቤት እንዴት እንደተጻፈ ልየው» አልኳቸው። መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይቆጥራል፤ ከጦርነቱ በኋላ የተቆጠረውን ነው ያልኩት።

«እሱን እህቴ ጨርሳዋለች» አሉ። ከፎልደራቸው እህታቸው በእጅ የገለበጡትን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አምስት ሰው ነው፦ ገበሬው፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ሦስት ልጆች፣ መጨረሻ ላይ የሁለት ዓመቱ ሕፃን። ሕፃኑ የሴትዮዋ አያት ናቸው።

የላይብረሪዋ ሠራተኛ ዋናውን ገጽ አወጣችልን። እኔም እንደ ልማዴ ከላይ ጀመርኩ። ገበሬውን አነበብኩ። ሦስቱን ልጆች አነበብኩ። ከነሱ ቀጥሎ ሌላ ስም መጣ፣ ፊደል በፊደል ነገርኳቸው።

«ማናት ይቺ?» አሉ። «ወደ ጎረቤት ተሻገርክ።»

«አልተሻገርኩም። የቤቱ ቁጥር አንድ ነው። ሕፃኑ ከሷ በታች ነው ያለው።»

«ስንት ሰው አለ?»

«ስድስት።»

«አምስት ነው። ድጋሚ ቁጠር።»

ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያሳረፍኩ ቆጠርኩ። ስድስት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

«ሚስትየዋ ተገኘች» አልኳቸው።

«ምን?»

«ሁለተኛዋ ሚስት ይቺ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። የሷም ስም የሕፃኑም ስም ተጽፏል። ልጅ ከእናቱ ሥር አይደል የሚጻፈው።»

«የቤተሰቡን ስም አልያዘችም እኮ።»

«ታዲያ ሚስት አይደለች? የአባቷን ስም ነው የያዘችው።» ይህን ስል ሌላ ነገር በአሳቤ አልነበረም። የኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የኔ ባለቤት አርባ ዓመት ሙሉ በአባቷ ስም ስትጠራ ኖራ በአባቷ ስም ተቀበረች። አሜሪካ ስንገባ ኢሚግሬሽን ያገኘን ሰውዬ ስማችን ለየቅል ስለሆነ በእውነት ተጋብታችኋል ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆናል። ይህንንም ነገርኳቸው። እንዲያውም ደስ እንዲላቸው ብዬ «ይዩ፣ ሥራዋ እዚህ አለ፣ ኩክ ይላል፤ የኔም ባለቤት ዕድሜ ልኳን አብስላልኛለች» አልኩ።

ደስ አላላቸውም። ጆሮዬን ማየት ትተው ጠረጴዛውን ያዩ ጀመር።

«ከዕድሜዋ ቀጥሎ አንድ ፊደል አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ምንድን ነው?»

«ኤም።»

«የገበሬው ላይስ?»

«ደብልዩ።»

«የልጆቹ?»

«ሦስቱም ደብልዩ ናቸው።»

«የሕፃኑስ?»

«ኤም።»

  ጎናችን የተቀመጠ ሰው ወረቀት ያትም ነበር፣ ማሽኑ ሲንሿሿ ይሰማል። ከዚያ ኤም ማለት ክልስ፣ ደብልዩ ማለት ነጭ መሆኑን ነገሩኝ፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር እንደዚያ ተብላ በነጭ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ሆና የተጻፈች ሴት ሚስት ልትባል እንደማትችል፣ ሕጉም እንደማይፈቅድ፣ ከጥቂት ዓመት በፊትም ባሪያ እንደነበረች ነገሩኝ።

«እህቴ ይህን ገጽ በዓይኗ አይታዋለች» አሉ። «መስመሩን ዘላ ነው የገለበጠችው።»

 ወረቀታቸውን ጠቅልዬ እጃቸውን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኳቸው። ጋርዴናን አልፈን ቶራንስ ልንገባ ስንል «ምን እያልክ እንደነበር ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አላወቅሁም።»

«አሁንስ?»

አሁን አውቄአለሁ። እንዲህ ያለች ሴት በኛም ቤት ነበረች። አባቴ ከአባቱ የወረሳት፣ ወጥ ቤት የምትተኛ። ነፃ ወጥታለች ከተባለ በኋላም የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ቀረች። ሴት ልጅ ነበረቻት። ያቺ ልጅ አገጯ የአባቴ አገጭ ነው። እኔ አባቴን አባዬ እለዋለሁ፣ እሷ ጌታዬ ትለዋለች። እኔ ሳገባ ከሚስቴ ጋር ዘመድ እንዳንሆን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ የእያንዳንዱን ልጅ በየስሙ። ያቺ ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ እያንዳንዳቸውን እያስታጠበች ነበር። ማንም አልቆጠራትም። እኔም እጄን ታጠብኩ።

ይህንን መሪውን ይዤ፣ መንገዱን እያየሁ ነገርኳቸው። ለባለቤቴ ነግሬአት አላውቅም። ስናገረው ምንም አልተሰማኝም፤ ሊሰማኝ እንደሚገባ አውቄ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ቀይ መብራት ያዘን። አረንጓዴ ሲሆን ነዳሁ።

«በሕይወት አለች?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

ቤታቸው አድርሻቸው ተመለስኩ። ለሦስት ሳምንት አልደወሉም። እኔም የሚሄድበት ሥራ እንዳለው ሰው ማክሰኞ ሲመጣ ጫማዬን አደርግና እቀመጣለሁ። ጓደኛዬ «ተባረርክ እንዴ?» አለኝ። «እንደዚያ መሰለኝ» አልኩት። የሆነውን ስነግረው ግን አልሳቀም፣ አላሾፈም። የሻይ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ «ለእሷስ ማን ይጽፍላታል» አለ፤ የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ደወሉ። ቤቱ ውስጥ የቀረ ዕቃ አልነበረም፣ ድምፃቸው በባዶ ክፍል ያስተጋባል። ለልጃቸው በስልክ እንደነገሩት አወሩኝ። «እማዬ፣ ተይው፣ ማረጋገጫ የለሽም፤ ባዶውን ተይው» አላቸው። አርብ ይዟቸው ሊሄድ ነው።

«ነገ ማክሰኞ ነው» አሉኝ። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

በማግስቱ ያንኑ ገጽ አስከፈቱኝ። ስሟን እንደገና ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ትልቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስዘረጉኝና ብዕር ሰጡኝ።

«ጻፍ።»

«እኔ?»

«የኔ ዓይን ሳጥኑን አያገኘውም።»

«ልጅዎ ማረጋገጫ የለም ብሏል አሉኝ።»

«ሕፃኑን የጻፉት ከሷ ሥር ነው። ከሰውዬው ልጆች ሥር አይደለም» አሉ። «አንተ ነህ ያሳየኸኝ። ጻፍ።»

በሕይወቴ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት የታክሲ መንገድ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው፤ ከየት ወደ የት፣ ስንት ሰዓት። ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ከሳጥኑ ወጡ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ የነሱ ነው።

«ተጻፈ?»

«ተጽፏል።»

ደስታም ሐዘንም ፊታቸው ላይ አላየሁም። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ቀለሙ ያልደረቀበትን ቦታ ነኩት፤ ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ።

«ከሷ በላይ ምን አለ?» አሉ።

«ሁለት ሳጥን። ለአባቷና ለእናቷ።»

«ባዶ?»

«ባዶ።»

የላይብረሪዋን ሠራተኛ ጠርተው ከጦርነቱ በፊት፣ ከዚያኛው ቆጠራ አሥር ዓመት ቀድሞ የተቆጠረውን አስወጡ። ለባሮች የተለየ ገጽ ነበረው። ከላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የገበሬውን ስም አገኘሁት፤ አሁን ፊደሉን ሁሉ እንደራሴ ስም ለምጄዋለሁ። በሱ ሥር አራት መስመር አለ።

«አንብብ» አሉኝ።

«አርባ ሁለት፣ ሴት። አሥራ ስድስት፣ ሴት። አሥራ አንድ፣ ወንድ። አራት፣ ሴት።»

«ስማቸውስ?»

«ስም የለም። ዕድሜ፣ ጾታና የቀለም ፊደል ብቻ ነው።»

«በደንብ እየው።»

እስከ ገጹ ጥግ አየሁ። ለስም የሚሆን ቦታውም አልተሠራም። «የለም» አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ ስድስት፣ አሥር ቀንስ። «አሥራ ስድስቷ እሷ ናት።»

«ትመስላለች።»

«አርባ ሁለቷስ? እናቷ ናት?»

የኛ ወጥ ቤት የምትተኛዋ ሴትዮ ስም ትዝ አለኝ፤ የሰው ስም ያልሆነ፣ የጌታን መልካም ምኞት የሚናገር፣ ቤቱ ያወጣላት ስም ነበር። ከእናቷ ያገኘችውን ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ልትሆን ትችላለች» አልኳቸው። «አክስቷም ልትሆን ትችላለች። ምንም የማይዛመዷት ሴትም ልትሆን ትችላለች፣ አብረው የተገዙ።»

«ምን እንጻፍ ታዲያ?»

እንዲህ ያለ ነገር እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «ያለውን ነዋ» አልኩ።

የላይብረሪዋ ሠራተኛ እርሳስ አመጣችልኝ። ከላይ ባለው የእናት ሳጥን ውስጥ አርባ ሁለት የሚለውን ቁጥር ጻፍኩ፣ ከጎኑ ሴት የሚለውን ቃል። እሳቸው እያንዳንዷን ፊደል እየነገሩኝ ነው የጻፍኩት። የአባቷን ሳጥን ተውነው። ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን መስመሮች፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጅና የአራት ዓመቷን፣ ሳጥን ስለሌላቸው ከወረቀቱ ዳር፣ ከሷ ጎን እንድጽፋቸው አዘዙኝ። ጻፍኳቸው።

«ሌላ የቀረ አለ?»

«አራት ናቸው። አለቁ።»

ወረቀቱን ጠቅልዬ ላስቲክ አሰርኩበት። ላይብረሪው ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር።